የመሃል ከተማ የመንግሥት ቦታ በርካሽ ይሰጥ ወይስ በጨረታ? ለደብረ ብርሃንና ለሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች የንጽጽር መመሪያ

የመሃል ከተማ ቦታ ጉዳይ ለምክር ቤት በቀረበ ቁጥር ክርክሩ የሚያጠነጥነው በካሬ ዋጋ ላይ ነው። አንዱ ወገን «በነጻ በሚባል ዋጋም ቢሆን እንስጥ፤ ዋናው ሕንፃ መቆሙ ነው፤ ሥራውም ግብሩም ከዚያ ይመጣል» ይላል። ሌላው «የሕዝብ ሀብት ነው፤ የበለጠ ለከፈለ ይሰጥ» ባይ ነው። ሁለቱም አቋም ለብቻው ሲሠራበት መጨረሻው ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል፦ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ የሚሞላ የመሠረት ጉድጓድ፣ ጫፉ የዛገ ፌሮ፣ በሩ ላይ የዘበኛ ጎጆ።

መመሪያው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው ቦታውን የሚሰጠው ወገን ነው፦ የምክር ቤት አባል፣ የመሬት ልማት ባለሙያ፣ ከንቲባ። ሁለተኛው ቦታውን የሚፈልግ ነጋዴ ወይም አክሲዮን ማኅበር ነው። ስድስት መንገዶችን እናነጻጽራለን፤ ከዚያ በፊት ግን መመዘኛዎቹ።

«መሸጥ» ስንል

በእኛ አገር ከተማ መሬት አይሸጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ሲሆን የሚተላለፈውም በሊዝ ነው። አሠራሩ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ተጀምሮ በ272/1994 አልፎ በ721/2004 አሁን የምናውቀውን መልክ ይዟል። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች የሊዝ ዘመኑ ለንግድ 70 ዓመት፣ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ስለዚህ «በርካሽ መስጠት» ማለት ወይ መነሻ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ፣ ወይ ያለ ጨረታ መመደብ፣ ወይ ደግሞ የክፍያ ጊዜውን ማለሳለስ ነው። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው ወደፊት ይታያል።

መሃል ከተማው ላይ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያዝበት ቦታ የበዛው በአጋጣሚ አይደለም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ዛሬ በዋናው ጎዳና ጀርባ የሚታዩት ተደጋግፈው የቆሙ የጭቃ ቤቶች አብዛኞቹ የዚያ ውርስ ናቸው። መሬቱ የከተማው ቢሆንም የሚኖርበት ሰው አለ። የብዙ ዕቅድ እንቅፋትም ይኸው ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያውና ትልቁ መመዘኛ ሕንፃው ተሠርቶ የሚያልቅበት ዕድል ነው። ዋጋ፣ ገቢ፣ ውበት ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ያልተሠራ ቦታ በውድ ተላለፈም በርካሽ ለመሃል ከተማው ቁስል ነው፤ በዙሪያው ያሉ ሱቆችም ደንበኛ ያጣሉ።

ሁለተኛው የከተማው የተጣራ ሒሳብ ነው። ከሊዝ ገቢው ላይ ካሳ፣ ምትክ ቦታ፣ የማፍረሻና የመንገድና የፍሳሽ መስመር ወጪ ተቀንሶ ምን ይተርፋል? አዋጅ 721 መነሻ ዋጋው እነዚህን ወጪዎች መሠረት አድርጎ እንዲሰላና ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ ያዛል። ክለሳው ካለፈ ከተማው ሳያውቀው በርካሽ እየሰጠ ነው።

ሦስተኛው የሚነሳው ሰው ዕጣ፣ አራተኛው ለደላላና ለእጅ መንሻ የሚከፈተው በር ስፋት ነው። አምስተኛውን መመዘኛ ሰው ይረሳዋል፤ የማዘጋጃ ቤቱ የመከታተል አቅም። ሁለት የግንባታ ተቆጣጣሪ ብቻ ያለው ከተማ ሃያ ውል ፈርሞ የእያንዳንዱን ደረጃ አረጋግጣለሁ ቢል ራሱን ያታልላል።

ሒሳቡ

ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተያዙ ናቸው፤ የየትኛውም ከተማ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ የራሱን ከተማ ዋጋ አስገብቶ ይድገመው።

500 ካሬ ሜትር የንግድ ቦታ አለ። የሚፈቀደው ጂ+4 (ምድር ቤትና አራት ፎቅ) ሲሆን ሕንፃው የሚያርፈው 300 ካሬ ላይ ነው፤ በአምስት ወለል 1,500 ካሬ ይወጣል። የግንባታ ወጪውን በካሬ 30,000 ብር ብንይዝ 45 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አሁን ሊዙን በሁለት ዋጋ እንየው፤ በካሬ 12,000 እና በካሬ 4,000።

በ12,000 ጠቅላላ ሊዙ 6 ሚሊዮን ነው። ሕጉ ከ10 በመቶ ያላነሰ ቅድሚያ ክፍያ ስለሚጠይቅ በፊርማው ዕለት 600,000 ብር ይከፈላል። በ4,000 ደግሞ ጠቅላላው 2 ሚሊዮን፣ ቅድሚያው 200,000 ነው። የ45 ሚሊዮን ሕንፃ ለሚያቆም ሰው በፊርማው ዕለት የሚያተርፈው 400,000 ብር ከግንባታው ወጪ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሙሉው የ4 ሚሊዮን ልዩነት ቢታሰብ እንኳ ከግንባታው 9 በመቶ በታች ነው። በዚያ ምክንያት ሕንፃ የሚጀምር ወይም የሚተው ሰው ጥቂት ነው።

ሕንፃ የማይሠራውን ሰው እንየው። 200,000 ብር ከፍሎ ገበያው 6 ሚሊዮን የሚገምተውን መብት ያዘ። አጥሮ ከመጠበቅ በላይ ምን ያተርፈዋል? ርካሽ ዋጋ ለሚሠራው ጥቂት፣ ለማይሠራው ብዙ ይሰጣል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ስሌት የሚነሳ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ቀሪው ሊዝ በየዓመቱ እኩል ተከፋፍሎ ሲከፈል ባልተከፈለው ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የማበደሪያ ምጣኔ ወለድ ይታሰባል። ክፍያው 30 ዓመት፣ ወለዱ 12 በመቶ ቢሆን በ12,000 ብር ያሸነፈው ሰው በመጀመሪያው ዓመት 180,000 ዋና ክፍያና 648,000 ወለድ፣ በድምሩ 828,000 ብር ይከፍላል። በ4,000 ያሸነፈው ግን 60,000 እና 216,000፣ በድምሩ 276,000 ብር። ሕንፃው ገና ኪራይ ሳያስገባ የሚከፈለው ይህ ዓመታዊ ገንዘብ ነው ግንባታውን የሚያንቀው። ስለዚህ ከተማው በእውነት አልሚውን መርዳት ከፈለገ ካሬ ዋጋውን ከመቁረጥ ይልቅ የችሮታ ጊዜውን (ዓመታዊው ክፍያ ገና የማይጠየቅበትን ጊዜ) ከግንባታው ዘመን ጋር ማስተካከል ይበልጥ ይጠቅማል። ለማይሠራውም የሚያተርፍለት ነገር የለም።

ሀ. የበለጠ ለሰጠ የሚሰጥ ክፍት ጨረታ

መደበኛው መንገድ ነው። አሸናፊው በሰጠው ዋጋና በሚያቀርበው የቅድሚያ ክፍያ መጠን ይለያል። ለመጀመሪያ ዙር ቢያንስ ሦስት ተጫራች ያስፈልጋል፤ የጨረታ ማስከበሪያው ከቦታው ጠቅላላ መነሻ ዋጋ ከ5 በመቶ አያንስም። ከሁሉም መንገድ ግልጽ ነው፤ ፖስታው በአደባባይ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይነበባል።

ችግሩ ያለው ሲፒኦው (ማስከበሪያ ሆኖ የሚያዘው የባንክ ቼክ) ላይ ነው። መነሻ ዋጋው ካልተከለሰና በካሬ 2,000 ብር ላይ ከቆመ፣ የ500 ካሬው ቦታ መነሻ 1 ሚሊዮን፣ ማስከበሪያው 50,000 ብር ብቻ ነው። አንድ ሰው 50,000 ብር አስይዞ የገበያውን እጥፍ ጠርቶ ያሸንፋል፤ ገዢ ካላገኘ 50,000ውን ትቶ ይሄዳል። ከተማው ስድስት ወር ያጣል፣ የአካባቢው ዋጋም በውሸት ቁጥር ይሰቀላል። አምስት በመቶ ዝቅተኛው ነው እንጂ ጣሪያው አይደለም። መሃል ከተማ ላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሲደረግ ግን ብዙም አናይም።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ላለው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ተጫራች በቀላሉ ለሚያገኝ ቦታ ነው።

ለ. ዝቅ ያለ መነሻ ዋጋ ከግንባታ ግዴታ ጋር

መነሻ ዋጋ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ቦታውን አያረክስም። ተፈላጊ ቦታ ከሆነ ተጫራቾቹ ራሳቸው ይሰቅሉታል፤ ዝቅተኛው መነሻ የሚጎዳው ማስከበሪያውን ብቻ ነው። የሚሠራው ተጫራች ለሚያጣ ቦታ ነው፤ ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት ድንበር ገባ ላለ፣ ቅርጹ ለተጣመመ፣ ወይም መሬቱ ለከፋ።

ግዴታው በጨረታ ሰነዱ ላይ ዝርዝር ሆኖ መግባት አለበት። ስንት ወለል፣ የምድሩ ወለል ለምን አገልግሎት፣ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ በስንት ወር ውስጥ፣ መሠረቱ መቼ፣ እያንዳንዱ ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) መቼ። ሕጉ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር ይሰጣል። «ግንባታ ተጀመረ» የሚባለውም መሠረቱ ወጥቶ የኮለን ብረት ሲቆም ነው። ቆርቆሮ ማጠርና ሁለት ቢያጆ ድንጋይ ማራገፍ መጀመር አይደለም። ተቆጣጣሪው ይህን ልዩነት በቃለ ጉባኤና በፎቶ ካላስመዘገበ፣ ኋላ ውል ለማቋረጥ ሲሞከር ከተማው ፍርድ ቤት ላይ ይሸነፋል።

በዚህ ረገድ የሲንጋፖር ልምድ ይጠቅማል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ቦታ በጨረታ ስትሰጥ የኖረችው ያቺ ከተማ ለአንዳንድ ቁልፍ ቦታዎች ሁለት ፖስታ ትጠይቃለች። በመጀመሪያ የንድፍ ሐሳቡ ይገመገማል፤ ያለፈው ብቻ የዋጋ ፖስታው ይከፈታል። እኛ ጋ ሕጉ አሸናፊውን በዋጋና በቅድሚያ ክፍያ ስለሚለይ ንድፉን በነጥብ ማወዳደር ያጨቃጭቃል። ዝቅተኛውን የወለል ብዛትና የጊዜ ሰሌዳ የመወዳደሪያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ግን ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል።

ሐ. ምደባ

ያለ ጨረታ መስጠት ነው። አዋጁ ለማን እንደሚፈቀድ ይዘረዝራል፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የትምህርትና የጤናን የመሰለ ማኅበራዊ አገልግሎት፣ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ የአምልኮ ቦታ፣ አምራች ኢንዱስትሪ፣ በካቢኔ የሚወሰንላቸው ልዩ ፋይዳ ያላቸው ፕሮጀክቶች፣ በልማት ለተነሱ ምትክ። ተራ የገበያ ማዕከልና የቢሮ ሕንፃ ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ «አልሚ መጥቷል፣ ሞል ሊሠራ ነው፣ ቶሎ እንስጠው» ሲባል መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ በየትኛው ንዑስ አንቀጽ የሚለው ነው።

ፍጥነቱ እውነተኛ ጥቅም ነው። ለሆስፒታል፣ ለኮሌጅ፣ ለፋብሪካ ተገቢ ነው፤ ፋብሪካ ግን ለምን መሃል ከተማ? ደብረ ብርሃን ላይ ለዚያ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ምደባ ለእጅ መንሻ ከስድስቱ ሁሉ ሰፊውን በር ይከፍታል። የሚመርጠው ሰው እንጂ ዋጋ ስላልሆነ የተሸነፈው ወገን የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም።

በርካሽ ሰጥቶ ባዶ ቦታ ማትረፍ በሌላም አገር የታየ ነው። አሜሪካ በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቤቶች ሕግ ከተሞች የመሃል ከተማ ሰፈሮችን ገዝተው አፍርሰው ለአልሚ ከወጪያቸው በታች ሲሸጡ፣ የኪሳራውን ሁለት ሦስተኛ የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍን ነበር። ሴንት ሉዊስ ከተማ ሚል ክሪክ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ከ1959 ጀምሮ አፈረሰች፤ ቦታው ለዓመታት ባዶ ሆኖ ስለቀረ ነዋሪው «የሂሮሺማ ሜዳ» ብሎ ሰየመው። ገበያው ሳይኖር ዋጋው ቀነሰ፣ ሠሪው ሳይገኝ ሰፈሩ ፈረሰ። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ውል ተፈርሞ፣ የአልሚው ገንዘብ በባንክ ማስረጃ ታይቶ እስኪረጋገጥ የማንም ቤት አይፈርስም።

መ. ነባር ባለይዞታዎች ራሳቸው እንዲያለሙ

ይህ በሕግ የተቀመጠ መብት ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ስፍራ ያሉ ባለይዞታዎች አቅም እስካላቸው ድረስ በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ለከተማው ትልቅ ገንዘብ ያተርፋል፤ ካሳም ምትክ ቦታም የለም፣ ሰውም አይፈናቀልም።

ሲበላሽ እንዲህ ነው የሚበላሸው። አንድ ብሎክ ላይ ስምንት ባለይዞታ አለ እንበል። ከ150 ካሬ እስከ 400 ካሬ፣ ሁለቱ ወራሾች ያልተስማሙበት፣ አንዱ ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ። ፕላኑ ቢያንስ 500 ካሬ ላይ ጂ+4 ይጠይቃል። ስድስቱ ተስማምተው ሁለቱ እስኪመጡ ሁለት ዓመት ያልፋል፤ ሲሚንቶው በዚህ መሃል ዋጋው ሌላ ሆኗል። መፍትሔው የይዞታውን ስፋት በድርሻ ቀይሮ ማኅበሩን በንግድ ሕጉ መሠረት ማቋቋምና ለመደራጀት ቁርጥ ያለ ቀን መስጠት ነው። ቀኑ ካለፈ ቦታው ወደ ሀ ወይም ለ ይሄዳል። ያልተገደበ ቅድሚያ መልካም ይመስላል፤ ሲውል ሲያድር ግን ሰፈሩን ያሳስራል። በቀበሌ ቤት የሚኖረው ተከራይ ደግሞ ባለይዞታ ስላልሆነ በዚህ መንገድ አይካተትም። የሚገባበት ቤት አስቀድሞ ካልተዘጋጀለት ሁሉም ዕቅድ እዚያው ይቆማል።

በአነስተኛ ደረጃም ይሠራል። የዲትሮይት ከተማ ባዶ የቀሩ የመኖሪያ ቦታዎችን አጠገባቸው ለሚኖሩ ባለቤቶች በ100 ዶላር አስተላልፋለች። አሳማኝ የሚያደርገው ዋጋው ሳይሆን ገዢው ነው፤ አጠገቡ የሚኖር ሰው ቦታውን ይጠብቀዋል። የእኛ ከተሞችም በሁለት ካርታ መሃል ተጣብቀው የቀሩ፣ ብቻቸውን ሕንፃ የማያወጡ ቁርጥራጭ ቦታዎች ሞልተዋቸዋል። እነሱን በጨረታ ማውጣት ጊዜ ማባከን ነው፤ ሕጉ በሚፈቅደው ልክ ከአዋሳኙ ጋር ማቀላቀል ይሻላል።

ሠ. ቦታው ከከተማው፣ ገንዘቡ ከአልሚው

ከተማው ሊዝ በመሰብሰብ ፈንታ ከሚሠራው ሕንፃ ድርሻ ይይዛል። የመንግሥትና የግል አጋርነት በአዋጅ ቁጥር 1076/2010 በአገር ደረጃ ሥርዓት ተበጅቶለታል። በእኛ ምሳሌ ከተማው ከአምስቱ ወለሎች አንዱን፣ 300 ካሬውን ቢያገኝ በግንባታ ዋጋ ብቻ 9 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከ6 ሚሊዮኑ ሊዝ ይበልጣል። ለተነሱ ነጋዴዎች ሱቅ መስጠት ለሚፈልግ ከተማ ከዚህ የተሻለ የለም።

የሚያስፈራው ቴክኒኩ ነው። ባንክ ሙሉ መብቱ የአልሚው ያልሆነ ቦታ በዋስትና አይወድም፤ ስለዚህ ብድር የማያስፈልገው አልሚ ብቻ ይመጣል። ሕንፃው ግማሽ ላይ ከቆመ ከተማው ከሳሽም ሸሪክም ይሆናል። የምድሩ ወለል ለማን የሚለው በውሉ ካልተጻፈ ከተማው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ይደርሰዋል። ይህን ውል የሚያዘጋጅ የሕግና የፋይናንስ ባለሙያ የሌለው ከተማ አይሞክረው።

ረ. ለጊዜው ይዞ መቆየት

ፈላጊ ከሌለ ሌላው አማራጭ መጠበቅ ነው። ቦታውን አጽድቶ ለቅዳሜ ገበያ፣ ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለተንቀሳቃሽ ሼድ በአጭር ጊዜ ማከራየት። ገቢው ትንሽ ቢሆንም ቦታው በእጅ ነው። የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኪራይ ውሉ ከዓመት እንዳያልፍና ማንም ግንብ እንዳይሠራበት። አንዴ በብሎኬት የተሠራ ሱቅ ካሳ ይጠይቃል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | የመሠራት ዕድል | ለከተማው ገቢ | የሚነሳ ሰው | ለሙስና ክፍተት | የሚፈልገው አቅም |
|---|---|---|---|---|---|
| ሀ. ክፍት ጨረታ | መካከለኛ፤ ማስከበሪያው ከፍ ካለ የተሻለ | ከፍተኛ | ቦታው ካልጸዳ ብዙ | ጠባብ | አነስተኛ |
| ለ. ዝቅተኛ መነሻ ከግዴታ ጋር | ክትትል ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ደካማ | መካከለኛ | ቦታው ካልጸዳ ብዙ | መካከለኛ | ከፍተኛ ክትትል |
| ሐ. ምደባ | እንደ ተቀባዩ | ዝቅተኛ | እንደ ቦታው | ሰፊ | መካከለኛ |
| መ. ነባር ባለይዞታ | አዝጋሚ፣ ግን ጽኑ | ካሳ ያድናል | በጣም ጥቂት | ጠባብ | የማደራጀት ትዕግሥት |
| ሠ. በጋራ ማልማት | ውሉ ጠንካራ ከሆነ ጥሩ | ከፍተኛ፣ ግን ዘግይቶ | ሱቅ መመለስ ይቻላል | መካከለኛ | በጣም ከፍተኛ |
| ረ. መቆየት | የለም | ትንሽ ኪራይ | የለም | ጠባብ | አነስተኛ |

ለየትኛው ሁኔታ የትኛው?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ መልስ ለሁሉም ቦታ አይሠራም። አስፋልት ዳር ላለው ሀ፣ ማስከበሪያውን ከፍ አድርጎ። ከዋናው መንገድ ጀርባ ላሉት የተጨናነቁ ሰፈሮች መጀመሪያ መ፤ ቀኑ ካለፈ ለ። የአውቶቡስ መናኸሪያን ወይም የገበያ ማዕከልን የመሰለ ትልቅ ቦታ ካለና ባለሙያ መቅጠር ከተቻለ ሠ።

ደብረ ሲና ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ የድጋፍ ግንብ ወጪ ከሊዙ ሊበልጥ ይችላል። ከተማው መንገዱንና የድጋፍ ግንቡን ራሱ ሠርቶ ቦታውን በመደበኛ ዋጋ ቢያወጣ፣ እንዳለ በርካሽ ከሚሰጠው ይልቅ ተጫራች ያገኛል። ሸዋ ሮቢትና አረርቲ የእህልና የአትክልት ንግድ ስላላቸው ለመጋዘንና ለሱቅ ፈላጊ አያጡም፤ ሀ ይበቃቸዋል። እንደ መሐል ሜዳና ሞላሌ ባሉ የመንዝ ከተሞች ጂ+4 መጠየቅ ግን ቦታውን ማሳደር ነው። ጂ+1 ፈቅዶ ለ ወይም ረ ይመረጥ።

ካሳ የሚከፍልበት በጀት የሌለው ማዘጋጃ ቤት ከመ እና ከረ ውጭ ምርጫ የለውም። ካሳ ሳይከፈል ማስነሳት ሕጉም አይፈቅድም፣ ፍርድ ቤቱም ያግዳል።

ቅናሹ የት ላይ ቢውል ይሻላል?

ከተማው አልሚውን ለማገዝ የቆረጠው 4 ሚሊዮን ብር አለ እንበል። በካሬ ዋጋ ላይ ከማራገፍ ይልቅ እነዚህ ላይ ቢያውለው ይመረጣል።

አንደኛ የአፈር ምርመራ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እነዋሪ አካባቢ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሕንፃ ሲያርፍበት አፈሩ ወጥቶ በገረጋንቲ መሞላት፣ ደረጃ በደረጃ እየተረጨ መጠቅጠቅ አለበት። ተጫራቹ ጥልቀቱን ሳያውቅ ዋጋ ሰጥቶ ሲቆፍር ሦስት ሜትር ከወረደ የያዘው ገንዘብ መሠረቱ ላይ ያልቃል። ብዙ ሕንፃ ከመሬት ሳይወጣ የሚቀረው እዚህ ነው። ከተማው አስመርምሮ ውጤቱን ከጨረታ ሰነዱ ጋር ቢያያይዘው ወጪው ከሊዝ ቅናሹ እጅግ ያንሳል።

ሁለተኛ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃና የስልክ መስመር ማዛወር። ቦታው መሃል የቆመ ምሰሶ ለማስነሳት አልሚው በየቢሮው ሲመላለስ ዓመት ያልፋል፤ የግንባታ ጊዜው ግን ይቆጠራል።

ሦስተኛ የውሉ ወር። ሰኔ ላይ የተፈረመ ውል የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለዝናብ ይሰጣል። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ቢፈረም ቁፋሮው በደረቅ ወቅት ያልቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ኮንክሪት ጠዋት ተሞልቶ ማታ መሸፈን ይኖርበታል፣ ማታ የተሞላ ሶሌታ ላዩ ይፋቃል። ጨረታው ነሐሴ ላይ ቢወጣ ይህ ሁሉ በራሱ ይስተካከላል።

ውሉ ላይ የሚዘነጉ ነገሮች

ሕጉ ለአጥሮ ጠባቂ ብዙም ቦታ አይሰጥም። ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ ማስተላለፍ የፈለገ ሰው በከተማው ቁጥጥር ሥር ማስተላለፍ አለበት። የሚያገኘውም የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶ ነው፤ የቀረው ለከተማው ነው። ታዲያ ለምን ይቸበቸባል? ሽያጩ በውክልና ስለሚሆን ነው። ካርታው በመጀመሪያው ሰው ስም ይቀመጣል፣ ገዢው በማይሻር ውክልና ይሠራል። በኩባንያ ስም ከተያዘ ደግሞ የሚሸጠው አክሲዮኑ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ ግማሽ ግንባታ እስኪደርስ የባለአክሲዮን ለውጥ ለከተማው እንዲገለጽ ይጻፍ፤ የግንባታ ፈቃድ ሲወጣም ባለመብቱ ራሱ በአካል ቀርቦ ይፈርም።

የክትትል ቀኖቹን በውሉ አባሪ በወርና በቀን ማስቀመጥ ይጠቅማል። «በየጊዜው ክትትል ይደረጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ብቻ፣ ምክንያቱ ተጠቅሶ ይሰጥ፤ መንገድ ተዘግቶ ሲሚንቶ ሳይገባ የቀረበት ወር ይቆጠርለት፣ አልሚው ገንዘብ ያጣበት ግን አይቆጠር።

ቦታ ለሚፈልገው

ሁለት ሦስት ሚሊዮን ብር ይዞ ብቻውን የሚመጣ ነጋዴ ጂ+4 የሚጠይቅ ቦታ ላይ አይጫረት። ቅድሚያ ክፍያውና የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ከመሠረቱ በፊት የገንዘቡን ግማሽ ገደማ ሊወስዱበት ይችላሉ። ወይ ከሌሎች ጋር ማኅበር መሥርቶ ይምጣ፣ ወይ በአነስተኛ ከተማ ጂ+1 ይፈልግ። አክሲዮን ማኅበር ከሆናችሁ ቢያንስ የመሠረቱን፣ የመጀመሪያውን ሶሌታና የሁለት ዓመት የሊዝ ክፍያ በጥሬ ያዙ፤ የባንክ ብድር ከዚያ በኋላ ይታሰብ። ግንባታ ያልተጀመረበት የሊዝ መብት በዋስትና የሚያወጣው ገንዘብ በጣም ትንሽ ነው።

ከመጫረታችሁ በፊት ቦታው ድረስ ሂዱ። ሜትር ይዛችሁ ከችካል እስከ ችካል ለኩና ከሳይት ፕላኑ ጋር አስተያዩ። ጎረቤቱን ክረምት ላይ ውኃ የት እንደሚተኛ ጠይቁት። በቦታው ላይ ሰው ካለ በማን ስም፣ በምን ውል እንዳለ ይጻፍላችሁ። ስፋቱ በሰነዱ ካለው ካነሰ ልዩነቱ ከፊርማው በፊት ተስተካክሎ አዲስ ሳይት ፕላን ይውጣ። ከፊርማ በኋላ የጎደለ ካሬ ሊዙ እየተከፈለበት ይቀጥላል።